በአንድ ዓይን የመራ አምበል

ከጆግ ወደ ብርጭቆ ውሃ ሲቀዳ ውሃው ጠረጴዛው ላይ ይፈስበታል። ሲጋራ ሊለኩስ ሲል እሳቱ ጫፉን ይስታል። እ.ኤ.አ. በ1961 የ20 ዓመቱ ማንሱር አሊ ካን ፓታውዲ የገጠመው ፈተና ይህ ነበር። በእንግሊዝ ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሚማረው ይህ ህንዳዊ የዩኒቨርሲቲው ክሪኬት ቡድን አምበል ነበር። በዚያ ዓመት ጁላይ 1 ቀን ሆቭ በተባለችው የባሕር ዳርቻ ከተማ የተሳፈረባት መኪና ተጋጨች፤ የመስታወት ስባሪም ቀኝ ዓይኑን ክፉኛ ጎዳው።

የጉዳቱን ክብደት ለመረዳት ጨዋታውን ጥቂት ማወቅ ይበጃል። በሜዳው መሐል 20 ሜትር ገደማ የሚረዝም ጠባብ መደብ አለ። ወርዋሪው ከወዲያ ጫፍ እየሮጠ መጥቶ በቆዳ የተለበጠች ጠንካራ ኳስ ይወረውራል። መቺው ከኋላው የተተከሉትን ሦስት ችካሎች እየጠበቀ ኳሷን በእንጨት ዱላው ይመታል፤ ከጫፍ ጫፍ እየሮጠም ራን የሚባለውን ነጥብ ይሰበስባል። የፈጣን ወርዋሪ ኳስ መቺው ዘንድ ለመድረስ ግማሽ ሰከንድ ያህል ይበቃታል። በዚያች ቅጽበት ኳሷ የት እንደምትነጥር መለየት አለበት። ቅርብና ሩቁን አጥርተን የምንለየው ደግሞ ሁለቱ ዓይኖቻችን ተባብረው ሲያዩ ነው። ቆሞ የሚጠብቅ ብርጭቆ የሳተ ሰው እየበረረች የምትመጣ ኳስ እንዴት ይመታል?

ማንሱር ወደ ኦክስፎርድ የሄደው የአባቱን ዱካ ተከትሎ ነው። ኦክስፎርድና ካምብሪጅ በክሪኬት መጋጠም የጀመሩት በ1827 ሲሆን፣ አባቱ ኢፍቲካር አሊ ካን በ1931ዱ ግጥሚያ 238 ራን አስቆጥሮ ማንም ሳያስወጣው ጨርሷል። ልጁም በ1960 በዚያው ግጥሚያ 131 አስቆጠረ። አባቱ ግን ይህን አላየም፤ ማንሱር 11 ዓመት በሞላበት ዕለት ፖሎ ሲጫወት ሕይወቱ አልፏል።

ከአደጋው በኋላ ማንሱር ልምምዱን እንደገና ሀ ብሎ ጀመረ። ኮንታክት ሌንስ ሲያደርግ አንዷ ኳስ ሁለት ሆና ትታየው ነበር። ከብዙ ሙከራ በኋላ የኮፍያውን ጥላ በተጎዳው ዓይኑ ላይ ዝቅ አድርጎ በደህናው ብቻ መጫወትን ለመደ። አደጋው ስድስት ወር እንኳ ሳይሞላው፣ በዲሴምበር 1961፣ ለህንድ ብሔራዊ ቡድን ተሰለፈ፤ በቀጣዩ ወር ማድራስ ላይ እንግሊዝን ገጥሞ 103 አስቆጠረ።

በማርች 1962 ህንድ ካሪቢያን ላይ ስትጫወት አምበሏ ናሪ ኮንትራክተር ጭንቅላቱን በኳስ ተመትቶ ክፉኛ ተጎዳ። ምክትሉ ማንሱር በ21 ዓመቱ አምበልነቱን ተረከበ፤ በዕድሜ ትንሹ የብሔራዊ ቡድን አምበል በመሆን የያዘው ክብረ ወሰንም እስከ 2004 ቆየ። በ1968 በእሱ አምበልነት ኒውዚላንድን በሜዳዋ 3 ለ 1 ስትረታ ህንድ ከአገሯ ውጪ የመጀመሪያውን ተከታታይ ውድድር አሸነፈች።

ማንሱር ለብሔራዊ ቡድኑ ካደረጋቸው 46 ግጥሚያዎች 40ውን በአምበልነት መርቷል፤ 2,793 ራንም አስቆጥሯል። ከዚህ የሚበልጥ ቁጥር ያላቸው መቺዎች ብዙ ናቸው። እሱ ግን ለአገሩ ከሰበሰባቸው ራኖች አንዷን እንኳ በሁለት ዓይን አላገኛትም።