ለወላጅ ቪዛ ስለሚቀርብ የቤት ማስረጃ

ሕፃን ልጁ በእንግሊዝ አገር የቀረበት ወላጅ፤ አብሮት ለመኖር ቪዛ ሲለምን የወላጅነቱን ወረቀት ብቻ ቢያቀርብ አይበቃም፤ የሚያድሩበትንም ቤት ያስረዳ ዘንድ ግዴታ አለበት። ቤቱም ያለ መንግሥት ርዳታ የሚተዳደሩበት፤ ቢያንስ አንዱን ክፍል ለብቻቸው የሚይዙት መሆን ይገባዋል። «ዘመድ ያስጠጋኛል» ማለት ባገራችን የታወቀ ቸርነት ቢሆንም፤ በዚያ ዘንድ ያለ ወረቀት አይታመንም። ስለዚህ የቤቱን የባለቤትነት ማስረጃ ወይም የኪራዩን ውል፤ አስጠጊውም ተከራይ እንደ ሆነ የባለቤቱን የፈቃድ ደብዳቤ ጨምሮ ማቅረብ ይበጃል።

መጨናነቁም በሕግ የተለካ ነው። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1985 የወጣው የቤት ሕግ ለ1 ክፍል 2 ሰው፤ ለ2 ክፍል 3፤ ለ3 ክፍል 5 ሰው ይፈቅዳል። ዓመት ያልሞላው ሕፃን አይቈጠርም፤ 10 ዓመት ያልሞላው ግን እንደ ግማሽ ሰው ነው። ሳሎኑም ከክፍሎቹ ጋራ ይቈጠራል፤ ይህን ባለማወቅ «ቤታችን ጠባብ ነው» ብለው ልጃቸውን ከማየት ተስፋ የሚቈርጡ ወላጆች አይጠፉም።