ከተላከው ይልቅ የተመለሰው

የሃይማኖት ድርጅቶች ለደጋፊዎቻቸው በሺዎች ደብዳቤ ሲልኩ፣ ስልክም ሲቀበሉ ሥራው የሚመዘነው ብዙውን ጊዜ በወጣው ቅጂ ብዛት ነው። እኔ ሥራውን የሚያጸናው የአድራሻና የመልስ መዝገቡ ነው ባይ ነኝ፤ ለዚህም ሐረር ማስረጃ አላት። እ.ኤ.አ. በ1905 አባ ማሪ በርናር የተባሉ የካፑቺን ካቶሊክ ሚሲዮናዊ፣ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ማረፊያውን ከመምራት ጎን «ለ ሰመር ደቲዮፒ» የተሰኘ የፈረንሳይኛ ጋዜጣ በከተማዋ ማሳተም ጀመሩ። ሐረርን ከአዲስ አበባ የሚያገናኘው 477 ኪሎ ሜትር የስልክና የቴሌግራፍ መስመር ያኔ ተዘርግቶ ነበር፤ ሽቦው ግን ፈረንሳይ ላለ ለጋሽ ጓዳ አይደርስም፤ ወረቀት ይደርሳል። ወረቀቱም በርካሽ አይሄድም ነበር። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1908 ስለሆነ፣ እስከዚያ ድረስ ወደ ውጭ የሚላክ ፖስታ ከምኒልክ ቴምብር ሌላ የጅቡቲ ቴምብር ይፈልግ ነበር። እንዲህ ባለ ሒሳብ፣ አገር የቀየረ ሰው ስም ከመዝገብ ካልተሰረዘ በየእትሙ ሁለት ክፍያ ይበላል። ጋዜጣው በፈረንሳይኛ ስለነበር ለሐረር ሕዝብ ምን ፋይዳ አለው የሚል ይኖራል፤ እውነት ነው፣ ለአብዛኛው የከተማው ነዋሪ አልተጻፈም። ደብዳቤ የሚጻፈው ግን ለተቀባዩ ነው።

ዛሬ ስልክ ደብዳቤን ገደለው ይባላል። በአገራችን ፖስታ በአብዛኛው ከደጃፍ ሳይሆን ከሣጥን ነው የሚወሰደው፤ አንድ ሣጥን መሥሪያ ቤት ሙሉ ይጋራዋል፤ ስለዚህ በጁገል፣ በግንብ በታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ፣ ላሉ ቤቶች ስልኩ ይቀርባል፣ ይህን አልክድም። ሆኖም ስልክ መዝገብን አላስቀረም፤ አብዝቶታል። በበዓል ማግስት ጥሪው በአንድ ጊዜ ይጎርፋል፤ ያልተነሣው ጥሪ ደግሞ፣ እንደ ደብዳቤ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ አይጠብቅም። ደዋዩ ሐረሪኛ፣ ኦሮምኛ፣ አማርኛ ወይስ ሶማልኛ ይናገራል? ምን ጠየቀ? ማን መልሶ ይደውልለታል? እነዚህ ካልተጻፉ ስልኩ ጮኾ ዝም አለ ማለት ነው።

የከበደኝ ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ለሐዘንተኛ በአንድ ቅጽ የተባዛ መልስ መላክ እምነትን ንግድ ያደርገዋል ይላሉ። ለሐዘንተኛ ሲሆን ትክክል ናቸው። ለስጦታ ደረሰኝ ግን የተዘጋጀ ቅጽ ይበቃል፤ እንዲያውም ደረሰኙ በቅጽ ሲያልቅ ነው ካህኑ ወይም ሼኹ ለሐዘንተኛው ራሳቸው የሚጽፉበት ጊዜ የሚያገኙት። ስለዚህ ፖስታው ሲከፈት መጀመሪያ መለየት አለበት፦ ገንዘብ የያዘው ወደ ሒሳብ፣ ጥያቄው ወደ አስተማሪ፣ «ልጄ ሞተብኝ» የሚለው ደግሞ ያለ ቅጽ ወደ ሰው።