ከጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ቀዶ ሕክምና በኋላ ሕመምን በቤት ውስጥ መቆጣጠር፦ በሆሳዕና፣ በሀዲያና በከምባታ ከተሞች ለሚገኙ ታካሚዎችና ቤተሰቦች

እንደ ቶንሲልና አዴኖይድ ማስወጣት ያሉ የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ቀዶ ሕክምናዎች፣ የታካሚው ሁኔታ ሲፈቅድ፣ ሆስፒታል ሳይተኙ በዕለቱ ወደ ቤት ለመመለስ ያስችላሉ። ይህም የቤተሰብን ወጪና እንግልት ይቀንሳል። በአንጻሩ ሕመሙን የመከታተል ኃላፊነት ከጤና ባለሙያው ወደ ቤተሰቡ ይሸጋገራል። ቀዶ ሕክምናው የትም ይደረግ የት፣ ታካሚው ወደ ሾኔ፣ ሆመቾ፣ ዱራሜ ወይም ሺንሺቾ ሲመለስ በቀጣዮቹ ሁለት ሳምንታት ምን እንደሚጠብቀው አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል።

ሕመሙ እስከ መቼ ይቆያል?

የቶንሲል ቀዶ ሕክምና ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 14 ቀናት ይቆያል። ከ3ኛው ቀን በኋላ መባባሱ የተለመደ ሲሆን፣ የቁስሉ ቅርፊት በሚነሳበት ጊዜም እንደገና ሊጨምር ይችላል። ጉሮሮና ጆሮ የሚጋሯቸው ነርቮች ስላሉ፣ ጆሮው ያልተነካ ልጅ «ጆሮዬን አመመኝ» ሊል ይችላል። በቁስሉ ላይ የሚታየው ነጭ ሽፋንም የመዳን ሂደት አካል እንጂ መግል አይደለም።

መድኃኒት በሰዓቱ መስጠት

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማስታገሻው የሚሰጠው ልጁ ሲያለቅስ ብቻ ሳይሆን ባለሙያው ባዘዘው ሰዓት ነው። ሕመሙ የበረታበት ልጅ መዋጥ ይፈራል፤ ሳይጠጣ ሲውል ጉሮሮው ይደርቃል፤ ሕመሙም ይብሳል። ስለዚህ መድኃኒቱን ሰጥቶ ከ30 ደቂቃ ገደማ በኋላ ምግብና መጠጥ ማቅረብ ይመከራል።

ፓራሲታሞል ቀዳሚው ማስታገሻ ነው። ለልጆች የሚሰጠው በዕድሜ ግምት ሳይሆን በክብደት ሲሆን፣ የተለመደው መጠን በኪሎ ግራም እስከ 15 ሚሊ ግራም በየ6 ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ጊዜ ሳይበልጥ ነው። በዚህ ስሌት 20 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በአንድ ጊዜ እስከ 300 ሚሊ ግራም ይወስዳል። ይህ መጠን በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም ከያዘ ሽሮፕ 12.5 ሚሊ ሊትር ሲሆን፣ 250 ሚሊ ግራም ከያዘው ግን 6 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። የሽሮፑን ጥንካሬ ሳያነቡ በቤት ማንኪያ መለካት ከመጠን በላይ ወይም በታች መስጠትን ያስከትላል። ብዙ የጉንፋን መድኃኒቶችም ፓራሲታሞል ስላለባቸው ደርቦ መስጠት ጉበትን ሊጎዳ ይችላል።

ሐኪሙ አይቡፕሮፌን ካዘዘ ከምግብ ጋር ይወሰዳል። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ሕመም፣ አስም ወይም እርግዝና ካለ ግን አስቀድሞ ለሐኪሙ ማሳወቅ ያስፈልጋል። አስፕሪን የመድማት ዕድልን ስለሚጨምር ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰድም፤ ለልጆችም አይሰጥም።

ኮዴይንና ትራማዶል ለልጆች አይሰጡም

ለአዋቂ ታዞ የተረፈ ትራማዶልን ወይም ኮዴይን ያለበትን መድኃኒት ከፍሎ ለልጅ መስጠት ሕይወትን ሊያሳጣ ይችላል። ኮዴይን ሕመምን የሚያስታግሰው በጉበት ውስጥ ወደ ሞርፊን ሲለወጥ ነው። በአንዳንድ ሰዎች ይህ ለውጥ በዘር በሚወረስ ባሕርይ ምክንያት እጅግ ይፈጥናል፤ በዚህ ጊዜ የተለመደው መጠን እንኳ አተነፋፈስን ሊያዳክም ይችላል። በኢትዮጵያውያን ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናት፣ ከተመረመሩት መካከል 29 ከመቶ የሚሆኑት ይህን ለውጥ የሚያካሂደው ዘረ መል ከተለመደው በላይ እንዳላቸው አሳይቷል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም ከቶንሲልና አዴኖይድ ቀዶ ሕክምና በኋላ ኮዴይን ለልጆች እንዳይሰጥ እ.ኤ.አ. በ2013፣ ትራማዶል ደግሞ ከ18 ዓመት በታች ላሉ እንዳይሰጥ በ2017 አስጠንቅቋል።

ምግብና መጠጥ

ከሁሉ የሚቀድመው ፈሳሽ ነው፤ ውኃ፣ ወተትና ቀዝቀዝ ያለ አጥሚት ጥቂት በጥቂቱ፣ ቶሎ ቶሎ ይሰጣል። በአካባቢው የተለመደው የቡላ ገንፎና አታካና፣ በርበሬ ሳይገባባቸውና ለብ ሲሉ፣ ለመዋጥ ምቹ ናቸው። ቁስሉ እስኪድን ድረስ ሚጥሚጣ፣ ዳጣ፣ ሎሚና ትኩስ መጠጥ አይሰጡም። ደረቅ ቆጮ፣ ቂጣና ቆሎም ጉሮሮን ስለሚፍቁ በዚህ ጊዜ አይመከሩም። ለጉሮሮ ሕመም የሚዘወተሩት ፌጦ፣ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ቁስሉን ያቃጥላሉ። ጉሮሮን በጣት ወይም በጨርቅ መጥረግ ደም ሊያስነሳ ስለሚችል ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

የአፍንጫና የጆሮ ቀዶ ሕክምና

የአፍንጫ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው ራሱን በትራስ ከፍ አድርጎ ይተኛል፤ ሐኪሙ እስኪፈቅድለት አይናፈጥም፤ ሲያስነጥሰው አፉን ይከፍታል። የጆሮ ቀዶ ሕክምና ያደረገም እንዲሁ አይናፈጥም፤ ውኃ ወደ ጆሮው እንዳይገባ ይጠነቀቃል፤ በሐኪም ካልታዘዘ በስተቀር ጠብታም ሆነ ዘይት አያደርግም። ከሁለቱም በኋላ ከባድ ዕቃ መሸከም አይገባም።

ወደ ሆስፒታል በአስቸኳይ የሚያስኬዱ ምልክቶች

• ከአፍ የሚወጣ ወይም ከአፍንጫ የማያቋርጥ ትኩስ ደም፣ ደም የቀላቀለ ትውከት፣ ወይም ልጁ በእንቅልፍ ላይ ሳለ ደጋግሞ መዋጡ፤
• የመተንፈስ ችግር ወይም ለመቀስቀስ የሚያስቸግር እንቅልፍ፤
• ፈሳሽ መጠጣት አለመቻል ወይም ለ8 ሰዓት ያህል ሽንት አለመሽናት፤
• ከ38.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሆነ ወይም የማይወርድ ትኩሳት፤
• መድኃኒት በሰዓቱ እየተሰጠ የሚብስ ሕመም፣ ከጆሮ የሚወጣ መግል ወይም የፊት መጣመም።

ከቶንሲል ቀዶ ሕክምና በኋላ ደም ሊፈስ የሚችለው በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት እንዲሁም ከ5ኛው እስከ 10ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። በተለይ ሁለተኛው ጊዜ ቤተሰብ «ድኗል» ብሎ በሚዘናጋበት ወቅት ይመጣል። ደም ከታየ ታካሚው ወደ ፊት አዘንብሎ ይቀመጣል፤ ደሙን ሳይውጥ ይተፋል፤ ሳይዘገይም በቅርብ ወደሚገኝ ሆስፒታል ይወሰዳል። ደሙ ለጊዜው ቢቆምም በባለሙያ መታየት አለበት። ስለሆነም ከሆስፒታል ርቀው የሚኖሩ ቤተሰቦች በእነዚህ ቀናት ረጅም ጉዞ ባያደርጉ፣ ለሌሊትም የሚሆን መጓጓዣ አስቀድመው ቢያዘጋጁ ይመከራል።

ከሆስፒታል ከመውጣት በፊት

ቤተሰቡ የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑንና ሰዓቱን በጽሑፍ መያዝ፣ የቀጠሮውን ቀን ማረጋገጥና በችግር ጊዜ የሚደወልበትን ስልክ መቀበል ይኖርበታል። የመውጫ ማስረጃውን መያዝ ታካሚው በዱራሜ ሆስፒታልም ሆነ በሆሳዕናው የንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል ቢቀርብ፣ የሚቀበለው ባለሙያ የተደረገውን ቀዶ ሕክምናና የተወሰደውን መድኃኒት ወዲያውኑ እንዲያውቅ ይረዳል።