ባለሙያ ተጠየቀ፣ ነፍጥ ተላከ
የፖርቱጋል ባሕር ኃይልና የላስታ ገበሬ

ታሪክ የነገሥታትና የጦር አዝማቾች ስም ዝርዝር ሆኖ በተማረበት ዘመን፣ የክርስቶቮ ዳ ጋማን ስም በቃሉ የሚያጠና ተማሪ ሞልቶ ነበር። ለዚያ ጦር ስንቅ ስላቀረበው ገበሬ ግን የሚጠይቅ አልነበረም። እኛ ግን ስለ ማንኛውም የውጭ ርዳታ ሦስት ጥያቄዎችን ማንሳት ይገባናል፤ ማን መጣ? ስለ ምን መጣ? ዋጋውንስ ማን ከፈለ? (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፖርቱጋል በሕዝብም በመሬትም ትንሽ አገር ነበረች። ኃይሏ በመርከብ ላይ የተጠመደ መድፍ ነበር። በ1498 ቫስኮ ዳ ጋማ ሕንድ ከደረሰ በኋላ፣ መርከቦቿ የቅመማ ቅመም ንግድን ለንጉሡና ለከበርቴዎቹ በብቸኝነት ለመያዝ ሲሉ የሕንድ ውቅያኖስን ወደቦች አንድ በአንድ ደበደቡ። በ1505 ኪልዋንና ሞምባሳን ዘረፉ፤ በ1510 ጎዋን፣ በ1511 ማላካን ያዙ። የቀይ ባሕርን በር ለመዝጋት በ1513 በዓደን ላይ ያደረጉት ሙከራ ግን ከሸፈ፤ በ1517 ደግሞ ዘይላን አቃጠሉ። እንግዲህ ኢትዮጵያን የፈለጓት በቀይ ባሕር ላይ ኦቶማን ቱርክን ለመግጠም የሚያግዝ አጋር በመሻት እንደ ነበር ግልጽ ነው።

በ1520 ምጽዋ የደረሰው የፖርቱጋል መልእክተኛ ቡድን እስከ 1526 በአገራችን ቆየ። ከቡድኑ ጋር የነበረው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የላሊበላን ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት አይቶ፣ ያየውን ቢጽፍ የሚያምነው እንደማይኖር ሰግቷል። እነዚያን ሕንጻዎች ከአንድ ወጥ አለት ፈልፍሎ ያወጣው እጅ የእኛው ሕዝብ እጅ ነበር። ዓፄ ልብነ ድንግልም በደብዳቤያቸው የእጅ ባለሙያዎች እንዲላኩላቸው ፖርቱጋልን ጠይቀዋል። ይህ ጥያቄ ሩቅ አሳቢ ነበር፤ የተሰጠው ምላሽ ግን ከቁም ነገር የሚቆጠር አልነበረም።

በ1529 በሽምብራ ኩሬ የዓፄው ሠራዊት በኢማም አሕመድ ከተሸነፈ በኋላ ግን ጥያቄው ተለወጠ፤ በባለሙያ ፈንታ ወታደር ተለመነ። ወታደሩም የመጣው በ1541፣ ልብነ ድንግል ከሞቱ በኋላ ነው። የፖርቱጋል መርከቦች በዚያው ዓመት በስዌዝ የነበረውን የቱርክ መርከብ ኃይል ለማቃጠል ሄደው ሳይሳካላቸው ተመለሱ፤ ከዚያም የቫስኮ ዳ ጋማ ልጅ ክርስቶቮ 400 ወታደሮችን ይዞ ከባሕሩ ዳርቻ ወደ ደጋው ወጣ። እቴጌ ሰብለ ወንጌልም ተቀላቀሉት። ኢማሙ በበኩሉ 900 ያህል ነፍጠኞችና 10 መድፎች ከቱርኮች ተላኩለት። በነሐሴ 1542 በአሸንጌ ሐይቅ አጠገብ በወፍላ በተደረገው ውጊያ ፖርቱጋሎች ተሸነፉ፤ ክርስቶቮም ተማርኮ ተገደለ። የተረፉት ከዓፄ ገላውዴዎስ ሠራዊት ጋር ሆነው በየካቲት 1543 በወይና ደጋ ተዋጉ፤ ኢማሙም በዚያ ወደቀ።

ይህን ጦርነት የሃይማኖት ጦርነት ብቻ አድርጎ መተረክ እስከ ዛሬ የዘለቀ ልማድ ነው። ነገር ግን ሊዝበንና ኢስታንቡል የተፋለሙት ስለ ባሕር ንግድ ነበር። ጎተራው የተራገፈውና መንደሩ የተቃጠለው ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ገበሬ ነው። በአንድ ገበያ እየተገበያየ፣ በአንድ ለቅሶ እየተላቀሰ የኖረው የወሎ ሕዝብ ይህን ለመረዳት የማንም አስተማሪ አያሻውም።

ዋጋው በወይና ደጋ ተከፍሎ አላለቀም። ከወታደሩ በኋላ የኢየሱሳውያን ሚሲዮን ተከተለ። በ1622 ዓፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀብለው በሕዝቡ ላይ ሊጭኑ ሞከሩ። የላስታ ገበሬም በ1629 መልክአ ክርስቶስን መሪ አድርጎ ተነሣ። መልክአ ክርስቶስ ለራሱ ዙፋን ይፈልግ እንደ ነበር አይካድም፤ ገበሬው ግን የተዋጋው በገዛ ሕሊናው ላይ እንዳይታዘዝ ነበር። በ1632 ንጉሡ በውጊያ ድል አደረጉ፤ ሆኖም በሺህ የሚቆጠር የራሳቸው ወገን ሬሳ ሜዳውን ስለ ሞላው ድሉ ሐዘን ሆነባቸው። በዚያው ዓመት የቀድሞው እምነት እንዲመለስ አውጀው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ ፋሲለደስም ሚሲዮናውያኑን አስወጡ። የላስታ ገበሬ በጦር ሜዳ ተሸንፎ በታሪክ ያሸነፈው በዚህ መንገድ ነው።

ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ ካለፈ በኋላ ነገሩ በሌላ ባንዲራ ተደገመ። ዓፄ ቴዎድሮስ ከእንግሊዝ ባለሙያዎች እንዲላኩላቸው ጠየቁ፤ የታሰሩትን አውሮፓውያን ሊያስፈታ በዙላ የወረደው ግን የናፒየር ጦር ነበር። ዛሬ ወገል ጤና ባለችበት በደላንታ አምባ ላይ 7 ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል መድፍ በሰው ጉልበት ተጎትቶ ወደ መቅደላ አለፈ፤ በ1868 የእንግሊዝ ጦርም በዚያው አምባ ተከትሎ አለፈ። ያን ሁሉ ጦር ያስተናገደው የደላንታ ገበሬ ማሳ ነበር።

የፖርቱጋልን ሕዝብ ከገዥዎቹ ጋር አንድ አድርገን አንኮንንም። በአንጎላ፣ በጊኒ ቢሳውና በሞዛምቢክ የነጻነት ተዋጊዎች ክንድ የተዳከመውን አምባገነን አገዛዝ፣ በሚያዝያ 1974 የፖርቱጋል ወታደሮች ራሳቸው ገለበጡት፤ ሕዝቡም በጠመንጃቸው አፈሙዝ ላይ ቀይ አበባ ሰካላቸው። በ1975 ሞዛምቢክና አንጎላ ነጻ ወጡ። የፖርቱጋል የአፍሪካ ግዛት በጭቁኖች የጋራ ትግል ተቀበረ።

ከዚህ የምንማረው ማንም ወዳጅ አያስፈልገንም ማለትን አይደለም። የምንማረው በውሰት ነፍጥ የሚገኝ ድል ወለዱ ከባድ መሆኑን፣ ከሁሉም የሚቀድመው ልብነ ድንግልና ቴዎድሮስ የጠየቁት ሙያ መሆኑን ነው። ስለዚህ ሠራተኛው በፋብሪካው የሚያዳብረው የእጅ ጥበብ፣ የቀበሌው ነዋሪ ከጎረቤቱ ጋር በእምነት ሳይለያይ የሚጠብቀው አንድነት፣ በባሕር ከሚመጣ መድፍ ሁሉ የጸና የአገር ምሽግ ነው። ይህን ምሽግ የሚገነባልን ሌላ የለም፤ የምንገነባው እኛው ነን።