«የማን ልጅ ነህ?»

በሚዛን ተፈሪም ሆነ በቴፒ ሥራ የሚፈልግ ምሩቅ ከትምህርት ማስረጃው በፊት «የማን ልጅ ነህ?» የሚባልበት ጊዜ እንዳለ ታውቃላችሁ።

ቤንች፣ ሸኮ፣ ሸካቾና መዠንግር የአካባቢው ነባር ሕዝቦች ናቸው። ለበበቃና ለቴፒ ቡና እርሻ ከሩቅ የመጡ ሠራተኞችም እዚሁ ወልደው ከብደዋል። መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ የራሳችን ክልል ተመሠረተ። ክልል መመሥረት ብቻውን ግን አድልዎን አያስቀርም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በአገሪቱ ውስጥ በመረጠው ሥራ የመሰማራት መብት እንዳለው ይደነግጋል። በሌላ በኩል ነባሩ ሕዝብ ከሥልጣንና ከትምህርት ርቆ ኖሯልና ቅሬታው እውነት ነው። ታዲያ ምን ይሻላል?

የሐዋርያት ሥራ 6ን አንብቡ። ግሪክኛ ተናጋሪዎቹ መበለቶቻቸው ችላ ስለተባሉ አጉረመረሙ። ሐዋርያት ቅሬታውን አልናቁም፤ መስፈርቱን በግልጽ ተናገሩ፣ ምርጫውን ለጉባኤው ሰጡ። የተመረጡት ሰባቱም የግሪክ ስም ያላቸው ነበሩ።

ለእኛም መፍትሔው ይህ ነው፦ ክፍት የሥራ ቦታ በይፋ ይለጠፍ፤ የፈተና ወረቀት በስም ሳይሆን በቁጥር ይታረም፤ ውጤቱ በሰሌዳ ይውጣ፤ በቅሬታ ሰሚው ኮሚቴ ነባሩም መጤ የተባለውም ይቀመጥ።

አስቀድሞ ግን ከቤታችን እንጀምር። አንድ ጊዜ ለቤተ ክርስቲያናችን ጸሐፊ ስንቀጥር ማስታወቂያ ሳናወጣ የሽማግሌ ዘመድ ወሰድን። እኔም ዝም አልኩ። ከዚያ በኋላ ስለ አድልዎ ስሰብክ ኅሊናዬ ይወቅሰኝ ነበር። በቅጥር ኮሚቴ ውስጥ ያለህ ወንድሜ፣ ያለሽ እህቴ፣ እናንተ ዝም አትበሉ።