ጫጩትን ከድመት ስለ መጠበቅ

በዐቢይ ጾም 55 ቀን እንቁላል ስለማይበላ፣ የቤት እመቤት ለዶሮዋ የምታስታቅፈው ከዚሁ ከተጠራቀመው ነው። ዶሮዪቱ 21 ቀን ታቅፋ የፈለፈለቻቸውን ጫጩቶች ባለቤት የሌላት ድመት በአንድ ሌሊት ብትፈጃቸው፣ አብሮ የሚጠፋው ለልጆች ደብተርና ለቤት ጨው የታሰበው ገንዘብ ነው።

በነገሌ ቦረና፣ በያቤሎና በሞያሌ ሙቀቱ ሲያስጨንቅ የዶሮን ቤት ከፍቶ ማሳደር ይቀናል። ነገር ግን «ድመት መንኵሳ ዐመሏን አትረሳ» እንዲሉ፣ የተከፈተ በር ያገኘች ድመት ሳትገባ አታልፍም። በዚህም ተቈጥቶ መርዝ በሥጋ ለውሶ የሚጥል አለ። ይህ ሊቀር ይገባል፤ መርዙ የጎረቤትን ውሻና በድኑን የሚበላውን አሞራ ጭምር ይገድላልና። ድመቲቱም ብትሆን የጎተራውን አይጥ የምታጠፋልን ናት።

ስለዚህ የምንመክረው ይህን ነው፤ የዶሮው ቤት ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ይበል። ነፋስ እንዲገባ አንዱ ግድግዳ ቀዳዳው ከ2 ሳንቲ ሜትር ባልበለጠ የሽቦ ወንፊት ይሠራ፤ ከዚህ ከሰፋ ድመቲቱ እጇን ሰዳ ትጎትታለችና። ጀምበር ሳትጠልቅ ዶሮዎቹ ይግቡ፤ በሩም በመቀርቀሪያ ይዘጋ። ጫጩቶቹ 2 ወር እስኪሞላቸው ቀን ከእናታቸው ጋር በታጠረ ስፍራ ይዋሉ። ትራፊ ምግብ በደጅ አይደር። ድመትን ሲያሳድዱ ከመኖር በርን መዝጋት ይቀላል።