የጉና ድንጋይ ዕድሜ

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. እሑድ ነበር። ዓድዋ ላይ ጦርነቱ በሚፋፋምበት በዚያው ዕለት፣ ፓሪስ ውስጥ ሄንሪ ቤክሬል ከመሳቢያው አንድ የፎቶግራፍ ሰሌዳ አወጣ። ሰሌዳውን በጥቁር ወረቀት ጠቅልሎ፣ የዩራኒየም ጨው ከላዩ አስቀምጦ ፀሐይ እስክትወጣ ይጠብቅ ነበር፤ ሰማዩ ግን ለቀናት አልጠራ አለ። እስቲ ልየው ብሎ ቢያጥበው የጨዉ ቅርጽ ቁልጭ ብሎ ታትሞ አገኘው። ያለ ፀሐይ ጨረር የሚረጨው ዩራኒየሙ ራሱ ኖሯል።

ከሦስት ዓመት በኋላ ኧርነስት ራዘርፎርድ ጨረሩን ለሁለት ከፈለው፦ ቶሎ የሚታገደውን አልፋ፣ ዘልቆ የሚሄደውን ቤታ አለው። ቤታ ኤሌክትሮን መሆኑ ብዙም ሳይቆይ ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ1906 ደግሞ ኖርማን ካምቤል ፖታሲየምም ጨረር እንደሚያወጣ አሳየ። ፖታሲየም በፋርጣ ድንች ውስጥ አለ፤ አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ባሠሩበት በጋፋት ምድር ድንጋይ ውስጥም አለ።

የምወደው የታሪኩ ክፍል ከዚህ ይቀጥላል። ጨረር ከሚያወጣው የፖታሲየም ዓይነት፣ ከፖታሲየም-40 ውስጥ ከመቶ 89 ያህሉ፣ አንዱ ኒውትሮኑ ወደ ፕሮቶን ተለውጦ ቤታ እየረጨ ካልሲየም ይሆናል። ድንጋዩ ግን ድሮም ካልሲየም ሞልቶታልና አዲሱን ከነባሩ መለየት ይቸግራል። መፍትሔው የተገኘው ከቀሪው 11 እጅ ነው፤ በዚህኛው መንገድ ኒውክለሱ ከዙሪያው አንድ ኤሌክትሮን ወደ ውስጥ ስቦ አርጎን የተባለ ጋዝ ይሆናል። አልድሪችና ኒየር እ.ኤ.አ. በ1948 ይህን አርጎን ፖታሲየም ባላቸው ማዕድናት ውስጥ ለክተው አረጋገጡ። ቅልጥ ድንጋይን ጋዙ ያመልጠዋል፤ ከረጋ በኋላ የሚፈጠረው ግን ውስጡ ታግቶ ይቀራል። ስለዚህ የአርጎኑ መጠን ድንጋዩ ከረጋ ስንት ዘመን እንደሆነው ይናገራል። የፖታሲየም-40 እኩሌታ ተለውጦ ለማለቅ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ስለሚፈጅ፣ የተራሮችን ዕድሜ ለመቁጠር ይበቃል።

እ.ኤ.አ. በ1997 ሆፍማንና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ገዛኸኝ ይርጉ የተሳተፉበት ቡድን፣ ከዚሁ ዘዴ በዳበረ ልኬት የደጋችንን የእሳተ ገሞራ ንብርብር መረመረ። አብዛኛው የፈሰሰው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ በአንድ ሚሊዮን ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ ሆኖ ተገኘ። ይህን ያህል ግዙፍ አምባ በዚያ አጭር ጊዜ መቆለሉ ከዕድሜው ይልቅ ያስደንቀኛል። የጉና ተራራ ግን ዘግይቶ የመጣ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ጥናት 10.7 ሚሊዮን ዓመት ሰጥቶታል።

የደብረ ታቦር የፊዚክስ መምህራን፣ ቤታን ስታስተምሩ እባካችሁ የጉናን ድንጋይ ይዛችሁ ክፍል ግቡ።